ካርታው ሳይበወዝ ሲቀር፦ የአትላንቲክ ሲቲው የባካራ ጉዳይ

ኤፕሪል 30 ቀን 2012 ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ አትላንቲክ ሲቲ። ጎልደን ነገት በሚባለው ካዚኖ ውስጥ ሰዎች አንድ የሚኒ ባካራ ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አስተዋሉ። ካርታዎቹ በወጡበት ቅደም ተከተል ተመልሰው ይመጣሉ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግመው። መደባቸው 10 ዶላር ነበር። እያሳደጉ እያሳደጉ 5,000 ዶላር አደረሱት። 41 ዙር በተከታታይ በሉ። ያሸነፉት ሰዎች 14 ናቸው። ገንዘቡ ሲደመር 1,536,700 ዶላር ሆነ።

ይህን ጉዳይ ከሌሎች የቁማር ክሶች የምለየው አንድ ምክንያት ስላለኝ ነው። እጅጌው ውስጥ ካርታ የደበቀ ሰው የለም። ካርታ ከሚያድለው የካዚኖ ሠራተኛ፣ ከዲለሩ፣ ጋር የተመሳጠረም አልተገኘም። ግን ሁለቱም ወገን ተበድያለሁ ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። ካዚኖው «ይህ ጨዋታ አይደለም፣ ገንዘቤ ይመለስ» አለ። ቁማርተኞቹ ደግሞ «ካርታውን ያመጣችሁት እናንተ፣ ያደላችሁት እናንተ፣ እኛ መደብንና በላን» አሉ። ሁለቱም አባባል ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የካርታ ጨዋታ ፍትሐዊ የሚሆነው ጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት ሰዎች አንዱም ቀጥሎ የሚወጣውን ካርታ ስለማያውቅ ነው። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደታደለ፣ ማን ብዙ ጊዜ እንደበላ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ያ አለማወቅ ከጠፋ፣ ማንም ሳያጭበረብር እንኳን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ፍርድ ቤቱም መጨረሻ ላይ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ውሳኔ ሰጥቷል። ግን ውሳኔው ያልነካው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

ጨዋታው እንዴት ነው

ባካራን የማያውቅ ሰው ይህን ጉዳይ መከታተል ይቸግረዋል። ስለዚህ ሕጉን ልንገራችሁ፤ ብዙም አይከብድም።

ሁለት ወገን አለ። አንዱ ፕሌየር፣ ሌላው ባንከር ይባላል። ቁማርተኛው በፈለገው ወገን ላይ መመደብ ይችላል። ዲለሩ ለሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ካርታ ያድላል። የመጀመሪያው ካርታ ለፕሌየር ነው። ሁለተኛው ለባንከር፣ ሦስተኛው ለፕሌየር፣ አራተኛው ለባንከር። ኤስ እንደ 1 ይቆጠራል። ከ2 እስከ 9 ያሉት እንደ ቁጥራቸው ናቸው። 10፣ ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ ዜሮ ናቸው። ድምሩ 10 ከደረሰ ወይም ካለፈ የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ትያዛለች፤ 16 ማለት 6 ነው። ለ9 የቀረበው ያሸንፋል።

አንዳንዴ ሦስተኛ ካርታ ይወጣል። መቼ እንደሚወጣ ግን ሕጉ አስቀድሞ ወስኖታል። ከሁለት አንዱ በመጀመሪያ ሁለት ካርታው 8 ወይም 9 ካገኘ ዙሩ እዚያው ያበቃል። ካልሆነ ፕሌየር 5 ወይም ከዚያ በታች ሲኖረው ይጨምራል፣ 6ና 7 ሲኖረው ይቆማል። ባንከርም የራሱ ሠንጠረዥ አለው። ተጫዋቹ «ጨምርልኝ» ወይም «ይብቃኝ» አይልም። ዲለሩም ምርጫ የለውም።

ይህ ነጥብ ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። በብላክጃክ ሰው ይወስናል፣ በፖከር ሰው ይወስናል። በባካራ ካርታው ከሚታደልበት ሳጥን ውስጥ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ውጤቱ ሁሉ ተወስኖ አልቋል። የቀረው ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ፍትሐዊነት በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ መበወዝ ላይ።

ቤቱ፣ ማለትም ካዚኖው፣ የሚኖረው በትንሽ ብልጫ ነው። በ8 ፓኬት፣ ማለትም በ416 ካርታ ሲጫወቱ ባንከር ከ100 ዙር ወደ 46 ገደማ ያሸንፋል። ፕሌየር 44 ተኩል ገደማ ያሸንፋል። ቀሪው እኩል ይወጣል። ባንከር ላይ መድቦ ከበላ ሰው ቤቱ 5 በመቶ ይቆርጣል። በረጅም ጊዜ ሲሰላ ባንከር ላይ ከተመደበ 100 ዶላር ለቤቱ የሚቀረው 1 ዶላር ከ6 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ፕሌየር ላይ ከሆነ 1 ዶላር ከ24 ሳንቲም ገደማ። ከዚህ በላይ ለቁማርተኛው የሚራራ የካዚኖ ጨዋታ ጥቂት ነው። ቤቱ ግን ትርፉ ትንሽ ስለሆነች መደቡ ብዙ ዙር እንዲዞር ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ዙር በተጫወቱ ቁጥር ያቺ ሳንቲም ትጠራቀማለች።

ችግሩ የመጣውም ከዚሁ ከጊዜ ጉጉት ነው። 416 ካርታ በእጅ መበወዝ ጊዜ ይፈጃል። ዲለሩ ሲበውዝ ጠረጴዛው ቆሟል፣ መደብ የለም። ስለዚህ ካዚኖዎች አስቀድሞ የተበወዘ ካርታ ከአምራች መግዛት ጀመሩ። ካርታው ታሽጎ ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ይታደላል። ለጎልደን ነገት ያን ዕለት የዋለውን ካርታ ያቀረበው በሚዙሪ ግዛት የሚገኘው ጀማኮ የተባለ ኩባንያ ነበር። ካርታው ተበውዞ መምጣት ነበረበት። ሳይበወዝ መጣ። ኩባንያውም ጥፋቱን በኋላ አምኗል።

ሳይበወዝ ሲታደል ምን ይመስላል?

እስቲ ወረቀትና ብዕር ይዘን እንየው። ለማሳያ ያህል ካርታው ከኤስ እስከ ኪንግ በቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ እንደገና ከኤስ እስከ ኪንግ እያለ የሚቀጥል ነው እንበል። ከላይ ጀምረን እናድል።

አንደኛ ዙር፦ ኤስ ለፕሌየር፣ 2 ለባንከር፣ 3 ለፕሌየር፣ 4 ለባንከር። ፕሌየር 4 ሆነ፣ ባንከር 6። ፕሌየር ይጨምራል፤ ቀጣዩ ካርታ 5 ነው፤ 9 ሆነ። ባንከር በ6 ይቆማል። ፕሌየር በላ።

ሁለተኛ ዙር፦ 6፣ 7፣ 8፣ 9። ፕሌየር 14፣ ማለትም 4። ባንከር 16፣ ማለትም 6። ፕሌየር ይጨምራል፤ 10 ወጣለት፤ ያው 4 ነው። ባንከር በላ።

ሦስተኛ ዙር፦ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ፣ ኤስ። ፕሌየር ዜሮ፣ ባንከር 1። ፕሌየር 2 ጨመረ፣ ባንከር 3 ጨመረ። 2 ለ4። ባንከር በላ።

አራተኛ ዙር፦ 4፣ 5፣ 6፣ 7። ፕሌየር ዜሮ፣ ባንከር 2። ፕሌየር 8 ጨመረና 8 ሆነ። ባንከር 9 ጨመረ፤ 11፣ ማለትም 1። ፕሌየር በላ።

አምስተኛ ዙር፦ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ። ሁለቱም ዜሮ። ፕሌየር ኤስ፣ ባንከር 2 ጨመሩ። 1 ለ2። ባንከር በላ።

ስድስተኛው ዙር ከ3 ይጀምራል፤ 3፣ 4፣ 5፣ 6። ፕሌየር 8፣ ባንከር ዜሮ። ፕሌየር በላ። ሰባተኛው 7፣ 8፣ 9፣ 10 ነው። ፕሌየር 6፣ ባንከር 8። ባንከር በላ። ስምንተኛው እንደገና ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ፣ ኤስ ነው፤ እሱን አይተነዋል። ዘጠነኛው አራተኛውን፣ አሥረኛው አምስተኛውን ይደግማል። አሥራ አንደኛው ከ3 ይነሳል።

የአሸናፊዎቹን ተራ ተመልከቱት። ፕሌየር፣ ባንከር፣ ባንከር፣ ፕሌየር፣ ባንከር። ከዚያ እንደገና ፕሌየር፣ ባንከር፣ ባንከር፣ ፕሌየር፣ ባንከር። ሳጥኑ እስኪያልቅ እንዲሁ ነው። በመሃል አንድም እኩል አይወጣም። ይህን ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አሥር ዙር በትኩረት ያየ ሰው አሥራ አንደኛው ላይ እጁ በገንዘብ ምትክ ወደሚመደበው ቺፕ ይሄዳል።

ካርታውን መቁረጥስ አያድንም? አያድንም። ካርታ ሲቆረጥ የላይኛው ክፍል ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ተከታታይነቱ አይፈርስም። ከ7 በኋላ ያው 8 ነው የሚመጣው። ከሳጥኑ አናት ላይ ጥቂት ካርታ አውጥቶ መጣልም እንደዚያው ነው፤ መነሻውን ብቻ ይቀይራል። ሰው እነዚህን ነገሮች ሲያይ ልቡ ይረጋጋል፣ ሥርዓት የተጠበቀ ይመስለዋል። የመበወዝን ሥራ ግን አይተኩም።

የባካራ ተጫዋቾች ደግሞ ዱሮም ተራ ፈላጊዎች ናቸው። ጠረጴዛው አጠገብ የእያንዳንዱን ዙር አሸናፊ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ወረቀትና እርሳስ ይዘው ቀይና ሰማያዊ ክብ የሚሞሉም አሉ። «ባንከር ሦስቴ በልቷል፣ አሁን ይቀየራል» ይላሉ፤ ወይም «እየተከተለ ነው፣ እንከተለው» ይላሉ። ካርታው በደንብ ከተበወዘ ይህ ሁሉ ድካም ለቀጣዩ ዙር የሚጠቅመው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካዚኖው ሰሌዳውን ራሱ ያቆመላቸው ለዚህ ነው። ሰው ተራ አገኘሁ ብሎ ሲያምን በርትቶ ይመድባል፤ ቤቱም አይጎዳም። ያን ዕለት ግን ሰሌዳው እውነት ተናገረ። ተጫዋቾቹ ያደረጉት ካዚኖው ሁልጊዜ አድርጉ የሚላቸውን ነው። ተራ ፈለጉ፣ አገኙ፣ መደቡ።

በተበወዘ ካርታ 41 ዙር በተከታታይ የመብላት ዕድል ምን ያህል ነው? እኩል የወጡትን ትተን እያንዳንዱን ዙር ግማሽ በግማሽ ብንቆጥረው ከ2 ትሪሊዮን አንድ ገደማ ነው። የካዚኖው ሰዎችም ይህን በዓይናቸው እያዩ ነበር። ማጭበርበር አለ ብለው ጠረጠሩ። ጠረጴዛው ላይ አተኮሩ። ግን ቁማርተኞቹን ሲመለከቱ የሚይዙት ነገር አጡ፤ ምክንያቱም ቁማርተኞቹ ምንም እያደረጉ አልነበረም። ጥፋቱ ያለው ከሳጥኑ ውስጥ ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

ከ1,536,700 ዶላሩ ውስጥ 558,900 ዶላሩ ተመንዝሮ ለተጫዋቾቹ ተከፍሎ ነበር። 977,800 ዶላሩ በቺፕ መልክ በእጃቸው ቀረ። ካዚኖው ቺፑን አልመነዝርም አለ። የተከፈለውም ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ። ቁማርተኞቹም በበኩላቸው ከሰሱ። ያሸነፍነው ይከፈለን አሉ። ከዚህም ሌላ ካዚኖው ያለ አግባብ አግቶናል የሚል ክስ ጨመሩ።

ካዚኖው ያኔ በአዲስ ባለቤት እጅ የገባው በቅርብ ነው። ቀድሞ ትራምፕ ማሪና ይባል ነበር። በ2011 የቲልማን ፈርቲታ ኩባንያ ላንድሪስ በ38 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ስሙን ለወጠው። አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለእንዲህ ዓይነት ቤት ቀላል አይደለም። ሆኖም ለካዚኖ ከገንዘቡ የሚበልጥበት አለ። «ያሸነፉትን አይከፍልም» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ደንበኛ ይሸሻል።

በ2012 ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው ዳኛ ጄምስ አይስማን ለቁማርተኞቹ ወሰነ። ካዚኖው ይግባኝ እላለሁ አለ። ከዚያ ፈርቲታ ራሱ መሃል ገባ። የጠበቆቹን ምክር አልፎ፣ ክርክር ያለበትን ገንዘብ ልክፈልና ነገሩ ይለቅ አለ። ያኔ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ከቁማርተኞቹ አንዳንዶቹ የመታገቱን ክስ አንተውም አሉ። ስምምነቱ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ገንዘቡ እጃቸው ሊገባ ሲል ምን ነካቸው?» ይላል። እኔ ግን ይገባኛል። ምንም ሳታጠፋ እንደ ሌባ መታየት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በቁማር ሲሸነፍ ዕድሌ ነው ብሎ ይወጣል። አጭበረበርክ ተብሎ ሲያዝ ግን ነገሩ ክብር ይሆናል፤ ክብር ደግሞ በቺፕ አይመነዘርም። ካዚኖው ስህተቱ የእሱና የአቅራቢው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከገንዘቡ በፊት መመለስ የነበረበት ይህንን ነበር።

ክርክሩ ቀጠለ። በፌብሩዋሪ 2015 ሌላዋ ዳኛ ዶና ቴይለር የመጨረሻውን ውሳኔ ሰጡ። የዳኛዋ አካሄድ ግልጽ ነው። በኒው ጀርሲ ማንኛውም የካዚኖ ጨዋታ ሕጋዊ የሚሆነው በግዛቱ ደንብ መሠረት ሲካሄድ ነው። ደንቡ ካርታው ከጨዋታ በፊት እንዲበወዝ ያዛል። ይህ ካርታ ጠረጴዛው ላይ አልተበወዘም። አስቀድሞም በደንቡ መሠረት አልተበወዘም። ስለዚህ የተካሄደው የተፈቀደ ጨዋታ አይደለም። ካልሆነ ደግሞ ማሸነፍም መሸነፍም የለም። ቁማርተኞቹ ገንዘቡንና ቺፑን ይመልሱ፣ ካዚኖውም መጀመሪያ ያስገቡትን የራሳቸውን ገንዘብ ይመልስላቸው ተባለ።

ልክ ነበር?

ስለ ጨዋታው የተባለው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ባካራ ላይ የሚመድብ ሰው የሚገዛው ዕድልን ነው። 46 እና 44 ተኩል የሚባለው ቁጥር የሚሠራው ካርታው ተበውዞ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ዕለት ከአሥራ ምናምንተኛው ዙር በኋላ እየሆነ የነበረው መገመት አይደለም፤ ማንበብ ነው። 5,000 ዶላር የመደበ ሰው እንደሚያሸንፍ እያወቀ ነው የመደበው። ይህን ማለት ተጫዋቾቹን መውቀስ አይደለም። ያዩትን አላየንም እንዲሉ ማንም ሊያስገድዳቸው አይችልም፤ ተነስተው ለካዚኖው የመንገር ግዴታም የለባቸውም።

ታዲያ ያልተነካው ነገር ምንድን ነው? ይሄ ነው። ይህ ሳጥን የተያዘው ሰዎች ስለበሉ ብቻ ነው።

ነገሩን ገልብጡት። ያው ያልተበወዘ ካርታ ይግባ። ጠረጴዛው ላይ ግን ተራውን ያላስተዋሉ፣ እያወሩና እየጠጡ የሚጫወቱ ሰዎች ይቀመጡ። አንዱ «ባንከር ሁለቴ በላ፣ ሦስተኛም ይበላል» ብሎ ባንከር ላይ ይመድባል። በእኛ ምሳሌ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ምክንያቱም ከሁለት ባንከር በኋላ የሚመጣው ሁሌም ፕሌየር ነው። ደንበኛው 300 ዶላር አጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዳኛዋ አመክንዮ ለእሱም ይሠራል፤ ጨዋታው ሕገ ወጥ ስለሆነ ገንዘቡ ሊመለስለት ይገባል። ግን ማን ይነግረዋል? ካዚኖው ማንቂያ የሚደውለው ሲከስር ነው። ሲያተርፍ ሳጥኑን ከፍቶ የሚመረምር የለም። ደንበኛው ደግሞ ሳጥኑን የመክፈት መብት የለውም።

ለሁለቱም ወገን እኩል የተጻፈ ሕግ በተግባር የሚጠብቀው ማየት የሚችለውን ወገን ነው። የማየት አቅም ያለው ደግሞ ጣሪያው ላይ ካሜራ የተከለው ነው።

በዚያው ኤፕሪል 2012፣ በዚያው ከተማ፣ ቦርጋታ በሚባል ሌላ ካዚኖ ታዋቂው የፖከር ተጫዋች ፊል አይቪ ባካራ መጫወት ጀመረ። እስከ ኦክቶበር ባሉት አራት ጉብኝቶች 9.6 ሚሊዮን ዶላር በላ። የሚገርመው የእሱም ካርታ የጀማኮ ነው። እዚያ ካርታው ተበውዟል። ግን ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል ዳርና ዳሩ እኩል አልነበረም። አይቪና አብራው የነበረችው ተጫዋች የዕድል እምነት አለን በሚል ሰበብ ዲለሩ ጥሩ ጥሩዎቹን ካርታዎች አዙሮ እንዲያስቀምጥ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ካርታው ገና ሳይገለበጥ በጀርባው ይለዩታል። ዳኛ ኖኤል ሂልማን በ2016 ይህ ማታለል ባይባልም ካርታውን ምልክት እንደማድረግ ነው አሉና ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ አዘዙ።

ሁለቱ ጉዳዮች በገንዘብ ውጤታቸው አንድ ናቸው፤ ገንዘቡ ወደ ካዚኖው እንዲመለስ ተፈረደ። እኔ ግን አንድ ላይ ሲጠሩ ቅር ይለኛል። አይቪ ዕውቀቱን በዕቅድና በጥያቄ ነው ያበጀው። 14ቱ ሰዎች ምንም አልጠየቁም። ቤቱ ራሱ ያቀረበላቸውን ነው ያዩት። ፍርዱ ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ቢሆንም ስማቸው ግን እኩል መነሳት አልነበረበትም።

የመጨረሻዋ ወንበር

ስለ ማደል ተራ ካነሳን ብላክጃክን ማለፍ አይቻልም። የጠረጴዛ ጸብ በብዛት የሚነሳው እዚያ ነው።

ብላክጃክ ከ21 ሳያልፉ ከዲለሩ መብለጥ ነው፤ ካርታ ከዲለሩ ግራ ጀምሮ በተራ ይታደላል። የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ያለው ሰው ከዲለሩ በፊት የሚወስን የመጨረሻ ተጫዋች ነው። እንበል ዲለሩ 6 አሳይቷል፤ የተደፋው ካርታው 10 ነው። የመጨረሻው ተጫዋች 12 ይዟል። መቆም ሲገባው «ጨምርልኝ» አለ። 10 መጣበት፤ 22፣ ተቃጠለ። ዲለሩ ካርታውን ገለበጠ፤ 16። ቀጣዩ ካርታ 5 ነው፤ 21። ጠረጴዛው በሙሉ ተበላ። ሁሉም ወደዚያ ሰውዬ ይዞራል። «የዲለሩን ካርታ ወሰድክበት! ብትቆም ኖሮ 10ሩ እሱን ያቃጥለው ነበር!»

ያየነውን ካርታ ይዘን ወደ ኋላ ስንቆጥር እውነት ነው። ግን ሲወስን ማንም አላየውም። ቀጣዮቹ ሁለት ካርታዎች 5ና 10 የመሆናቸው ዕድል 10ና 5 ከመሆናቸው ዕድል ጋር እኩል ነው። ሰውዬው ሳያውቅ ጠረጴዛውን ያዳነበት ዙርም አለ፤ ያኔ ግን ማንም አያመሰግነውም፣ ምክንያቱም ማንም ልብ አይልም። የተበወዘ ካርታ ላይ የእሱ ስህተት የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ሌሎቹን በአማካይ አይጎዳም፣ አይጠቅምምም።

በላስ ቬጋስ ካዚኖዎች የሚሠሩ ብዙ ሐበሾች አሉ፤ ከእነሱም ዲለሮች አሉ። እንዲህ ያለውን ቁጣ ፊት ለፊት የሚቀበለው ዲለሩ ነው። «ካርታህ ቀፋፊ ነው»፣ «ቶሎ ቶሎ አታድል»፣ «ሌላ ሰው ቀይሩልን» ይባላል። ዲለሩ ግን የሳጥኑ አፍ የሰጠውን ነው የሚያወጣው።

እነዚህን ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ሳያቸው የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የብላክጃኩ ተጫዋች ምንም በደል በሌለበት ተበደልኩ ብሎ ይጮኻል፤ ምክንያቱም የሚወቅሰው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። የባካራው ተጫዋች ካርታው ባልተበወዘበት ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ሊሸነፍ ይችላል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የተሠራው ሌላ ግዛት ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በደል መኖሩና በደል መስሎ መታየቱ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው።

ከዚህ ጉዳይ ማስተካከያ አውጣ ብባል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አስቀድሞ የተበወዘ የተባለ ካርታም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ ፊቱ ለተጫዋቾቹ እየታየ ይዘርጋ። በቅደም ተከተል የተደረደረ ካርታ ሲዘረጋ ማንም ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። ከዚያ ተገልብጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ በሁለት እጅ ይደባለቅ፣ ይሰብሰብና አንድ ጊዜ እንኳን ይበወዝ። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎልደን ነገት እነዚያን ደቂቃዎች ለመቆጠብ ብሎ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በፍርድ ቤት ተንገላታ፤ 14 ሰዎችም አብረውት ተንገላቱ። ሚኒ ባካራ የሚጫወት ሰው ካለ ደግሞ አዲስ ካርታ ሲገባ «እዚሁ ትበውዙታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ዲለሩ አይከፋበትም። አይ ከተባለ መመደቡን ትቶ ጥቂት ዙር ቆሞ ሰሌዳውን ይመልከት።